የአስተማሪ ብቃት የሚለካው በማሳው ላይ ነው

በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ አስተማሪ ሲባል በቅድሚያ ትዝ የሚለው በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ፣ ጠመኔ የያዘ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ገበሬውን የሚያስተምሩት የትምህርት ቤት መምህራን ብቻ እንዳልሆኑ የታወቀ ነው። የዘር አመራረጥንና የብስባሽ አዘገጃጀትን የሚያሳየው የልማት ሠራተኛ፣ ለጎልማሶች ፊደል የሚያስቆጥረው ወጣት፣ ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ የምታስረዳው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን አባላት ሒሳብ የሚያለማምደው ሒሳብ ሹም፣ ሁሉም በየፊናቸው አስተማሪዎች ናቸው። በንብ እርባታው የተመሰገነ ወይም ጎተራው በነቀዝ የማይደፈር ጎረቤትም ማንም ሳይሾመው አስተማሪ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ መስመር ወይም መበላሸት ቀላል ነገር አይደለም። በትምህርት ቤት ያለ ልጅ አንድ ትምህርት ባይገባው በሚቀጥለው ዓመት ሊደግመው ይችላል። ገበሬው ግን በአብዛኛው የሀገራችን ክፍል የሚተማመነው በአንድ ክረምት ዝናብ ነው። ያልገባውን ወይም የተሳሳተ ምክር ይዞ ዘሩን አፈር ውስጥ ከጨመረ በኋላ ጥፋቱ የሚታወቀው እህሉ ሲታጨድ ነው። የሚደገመው ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡም ችግር ይሆናል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ጥሩ አስተማሪን ከሌላው ለይተው ማወቃቸው፣ ለይተውም መደገፋቸው ከዓመት ቀለብ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ጥሩ አስተማሪን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? ብዙ ማወቁ ብቻ አይደለም። ብዙ እያወቀ ምንም ያላስተማረ ሰው ሞልቷል። አንደበተ ርቱዕ መሆኑም አይደለም። በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለት ሲያበቃ በማግሥቱ አንድም ሰው ምክሩን የማይሠራበት ተናጋሪ በየቀበሌው ይታወቃል። በሀገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ከታዩት ልምዶች የሚገኘው መልስ በአጭሩ ሲነገር፣ ጥሩ አስተማሪ ማለት እርሱ ከሄደ በኋላ ተማሪው ብቻውን ሊሠራበት የሚችለውን ዕውቀት ትቶ የሚሄድ ነው። ወደዚህ የሚያደርሱት ልማዶችም በዓይን የሚታዩ፣ ሊለመዱም የሚችሉ ናቸው።

ከማስተማር በፊት መማር

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለተማሪ ብቻ የተነገረ መስሎ ይታያል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ለአስተማሪው ነው። ከኮሌጅ ተመርቆ ወደ ቀበሌ የሚመጣ የልማት ሠራተኛ ስለ አፈር ለምነትና ስለ ሰብል በሽታ በመጽሐፍ የተጻፈውን ያውቃል። በዚያ ቀበሌ ውስጥ ውኃ የሚተኛበት ማሳ የትኛው እንደሆነ፣ ውርጭ በቅድሚያ የሚመታው የቱን ሸለቆ እንደሆነ፣ ማሳው ለምን በዚህ አቅጣጫ እንደሚታረስ ግን የሚያውቁት ነዋሪዎቹ ናቸው።

ለዚህ አንድ ግልጽ ማስረጃ በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ በእነዋሪ አካባቢ ይገኛል። የአካባቢው መሬት በክረምት ውኃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ነው። በዚህ ዓይነት አፈር ላይ ብዙ ቦታ ገበሬው ዝናቡ እስኪቀንስ ጠብቆ ዘግይቶ ለመዝራት ይገደዳል። የእነዋሪ ገበሬዎች ግን ከጥንት ጀምሮ አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ሰፋ ያለ መደብ በማበጀት በመካከሉ ቦይ ያወጣሉ። ውኃው በቦዩ ሲወርድ ሰብሉ በመደቡ ላይ በደኅና ያድጋል። ሥራው እጅግ አድካሚ ሲሆን፣ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት ሴቶችና ልጆች ናቸው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በጥቁር አፈር ላይ ምርምር ያካሄዱት ኢልካ በመባል ይታወቅ የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከልና የሀገር ውስጥ የእርሻ ተቋማት ይህን ነባር ልምድ በሚገባ ተመልክተዋል። ገበሬው ከሚያውቀው ማረሻ በመነሣትም ሁለቱን በማያያዝ በበሬ የሚጎተት መደብና ቦይ ማውጫ መሣሪያ እንዲሠራ ተደረገ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ባለሙያዎቹ «ይህ ሕዝብ ጥቁር አፈርን ማልማት አያውቅም» ብለው ቢነሡ ኖሮ ከፊታቸው ያለውን ዕውቀት አያዩትም ነበር። የገበሬውን ዕውቀት እንደ መነሻ፣ የገበሬውን ድካም ደግሞ እንደ ጥያቄ አድርገው በመያዛቸው የሚጠቅም ነገር ለመሥራት ቻሉ።

ስለዚህ የጥሩ አስተማሪ የመጀመሪያ ልማድ መዞርና መጠየቅ ነው። ወደ ቀበሌው በመጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስብሰባ ከመጥራት ይልቅ ከማሳ ማሳ ይሄዳል። «አባቴ፣ ይህን ማሳ ዘንድሮ ለምን ጦሙን አሳደሩት?» ይላል። «እናቴ፣ ለዘር የሚሆነውን በቆሎ የሚመርጡት በምን ምልክት ነው?» ይላል። መልሱን አዳምጦ ሲያበቃ በማስታወሻው ላይ ይጽፋል። የተጠየቀ ሰው መከበሩን ያውቃል፤ የተከበረ ሰውም ነገ የሚነገረውን ለመስማት ጆሮው ክፍት ይሆናል።

ከመናገር ይልቅ ማሠራት

ገበሬ በጆሮው የሰማውን ሊጠራጠር ይችላል፤ መብቱም ነው። በሌላ ሰው ማሳ ላይ ያየውንም «ለእርሱ መሬት ነው እንጂ ለእኔ አይሆንም» ሊል ይችላል። በገዛ እጁ፣ በገዛ በሬውና በገዛ መሬቱ የሠራውን ግን ሊክድ አይችልም።

ይህን አስቀድሞ ተረድቶ በሥራ ላይ በማዋል ስሙ የሚነሣው ሲማን ናፕ የተባለው አሜሪካዊ የእርሻ መምህር ነው። ናፕ በ1903 እ.ኤ.አ. ዕድሜው 70 በተጠጋበት ጊዜ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር ቴሬል በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ሙከራ አስጀመረ። ቀደም ሲል መንግሥት በራሱ ገንዘብ የሚያካሂዳቸው የሠርቶ ማሳያ እርሻዎች ነበሩ። ገበሬዎቹ ግን «የመንግሥት ገንዘብ ካለ ምን ይሳናል?» እያሉ ከማድነቅ በቀር አይከተሏቸውም ነበር። ስለሆነም ናፕ መንገዱን ለወጠ። ሠርቶ ማሳያው ዋልተር ፖርተር በተባለ ገበሬ የራሱ መሬት ላይ እንዲሆን፣ ሥራውንም ገበሬው ራሱ እንዲሠራው አደረገ። ሙከራው ኪሳራ ቢያስከትል ለገበሬው የሚከፈል የዋስትና ገንዘብ የከተማው ነጋዴዎች አዋጥተው አስቀመጡ። በዓመቱ መጨረሻ ገበሬው ከወትሮው የበለጠ ስላተረፈ ዋስትናው ሳይነካ ቀረ። ከዚህ በኋላ ይኸው ዘዴ በሌሎችም ክፍላተ ሀገር ተስፋፍቶ ለአሜሪካ የእርሻ ኤክስቴንሽን አገልግሎት መሠረት ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ትምህርቱ በገበሬው እጅ መሠራቱ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ፣ የሙከራው አደጋ በገበሬው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ መደረጉ ነው። አዲስ ነገር የሚያስተምር ሰው ደመወዙ በወር በወሩ ይከፈለዋል። ምክሩን የሚቀበለው ገበሬ ግን የሚያስይዘው የልጆቹን እንጀራ ነው። ጥሩ አስተማሪ ይህን ልዩነት ከቶ አይረሳም።

በእኛም ቀበሌዎች ይህን በቀላል ዘዴ መፈጸም ይቻላል። ለምሳሌ ጤፍን በመስመር መዝራት ለማስተማር ሲታሰብ ገበሬው ያለውን መሬት በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲለውጥ መገፋፋት አያስፈልግም። ከማሳው ጥቂቱን በመስመር፣ ከጎኑ ያለውን እኩል ስፋት በለመደው ብተና ይዝራው። በመስመር መዝራት ዘር እንደሚቆጥብና አረም ለማረም እንደሚያመች፣ በሌላ በኩል ግን በዘር ጊዜ ብዙ ጉልበት እንደሚጠይቅ አስተማሪው ሁለቱንም በግልጽ ይንገረው። የፈጀው የዘር መጠን፣ የሠራው ሰው ብዛትና የተገኘው ምርት በሁለቱም በኩል ይመዝገብ። ውሳኔውን የሚሰጠው ሚዛኑ ይሆናል።

መልስ ከመስጠት በፊት ጥያቄውን መመለስ

ሌላው ትልቅ ልማድ ተማሪው ራሱ አይቶ እንዲመረምር ማድረግ ነው። በዚህ ረገድ ከኢንዶኔዥያ የተገኘው ልምድ በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳል። በዚያች ሀገር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ቡናማ ተባይ በሩዝ ሰብል ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሰ። መድኃኒት በብዛት በተረጨ ቁጥር ተባዩን የሚበሉት ሸረሪቶችና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳት አብረው ስለሚያልቁ ተባዩ ይብስ ተራባ። በ1986 እ.ኤ.አ. የሀገሪቱ መንግሥት 57 ዓይነት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ። በ1989 እ.ኤ.አ. ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ የገበሬዎች የማሳ ላይ ትምህርት ቤት የሚባለው አሠራር ተጀመረ።

በዚህ ትምህርት ቤት ወንበርም ጥቁር ሰሌዳም አያስፈልግም። 25 ያህል ገበሬዎች ሰብሉ ከሚተከልበት እስከሚሰበሰብበት ጊዜ ድረስ በየሳምንቱ በማሳ ላይ ይገናኛሉ። በቡድን ሆነው ተክሉን ይመረምራሉ፤ ያገኙትን ነፍሳት ይቆጥራሉ፤ ያዩትን በወረቀት ላይ ሥለው ይወያዩበታል። አንድ ገበሬ ነፍሳት ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አስተማሪው ስሙን ለመናገር አይቸኩልም። «ከየት አገኘኸው? ምን ሲያደርግ ነበር? ብዙ ናቸው ወይስ ጥቂት?» ሲል ጥያቄውን ይመልስለታል። ከዚያም ነፍሳቱን ከተባዩ ጋር በተሸፈነ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ማን ማንን እንደሚበላ በዓይኑ እንዲያይ ያደርገዋል። ሸረሪት ተባዩን ስትበላ ያየ ገበሬ ሸረሪትን በመርዝ ለመግደል አይጣደፍም።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለሀገራችንም ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. በገባ ጊዜ ታይቷል። ይህ ተባይ በበቆሎ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከፍተኛ ሲሆን፣ ከሌሎች ትሎች ለይቶ ለማወቅ ቀረብ ብሎ ማየትን ይጠይቃል። በትሉ ግንባር ላይ የተገለበጠ መንታ መንገድ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር ይታያል። በጀርባው ላይ ወደ ጭራው ጠጋ ብሎ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ 4 ጥቁር ነጥቦች አሉት። የሚደበቀውም በበቆሎው አናት ላይ ገና ባልተከፈተው ጥቅል ቅጠል ውስጥ ነው። ይህን ምልክት በአዳራሽ ውስጥ በቃል የሰማ ሰው ወዲያው ሊረሳው ይችላል። ማልዶ ወደ ማሳው ገብቶ ቅጠሉን ከፍቶ ትሉን በመዳፉ ላይ አድርጎ ነጥቦቹን የቆጠረ ገበሬ ግን አይረሳውም። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ የእንቁላሉም ክምር ሳይፈለፈል በእጁ ለቅሞ ለማጥፋት የሚችለው እንዲህ የተማረው ነው።

በሚገባ ቋንቋ፣ በሚመች ሰዓት

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምር ነገር ትቷል። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ቀስ በቀስ በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዷል። በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። ጎልማሳ ሰው ፊደልን በአፍ በፈታበት ቋንቋ ሲማር ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ አይሸከምም፤ የሚለምደው አዲስ ነገር ፊደሉ ብቻ ነው። ይህም ዛሬ ለልማት ሠራተኛ የሚጠቅም ትምህርት ነው። ገበሬው «መሬቱ ደክሟል» የሚለውን ነገር ባለሙያው በባዕድ የሙያ ቃል ቢናገረው ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እያወሩ ሳይግባቡ ይለያያሉ።

ይኸው ዘመቻ አንድ ሌላ ነገርም አሳይቷል። ማንበብ ከቻሉት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሚያነቡት ነገር በእጃቸው ባለመኖሩ ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። በየገበሬ ማኅበሩ ንባብ ቤቶች እንዲቋቋሙና የድኅረ መሠረተ ትምህርት እንዲሰጥ የተደረገውም ይህን ለመከላከል ነበር። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ትምህርቱን ሲጀምር ተማሪው ነገ የሚጠቀምበትን መንገድ አብሮ ያስባል። ሒሳብ ያስተማረው ሰው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የራሱን ድርሻ ራሱ እንዲያነብ ያደርገዋል። የብስባሽ አዘገጃጀት ያስተማራትን ሴት ብስባሹ በሚበተንበት ጊዜ ተመልሶ ይጎበኛታል።

ሰዓትም ከቋንቋ የማይተናነስ ጉዳይ ነው። በገበያ ቀን ወይም በለቅሶ ቀን የተጠራ ሥልጠና ሰው አያገኝም። እናቶች ውኃ በሚቀዱበትና ከብት በሚያልቡበት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ደግሞ ወንዶችን ብቻ ያስተምራል። ዘር የሚመርጡት፣ አረም የሚያርሙት፣ እህሉን በጎተራ የሚጠብቁት በአብዛኛው ሴቶች ሆነው ሳለ፣ ስለ ዘርና ስለ ጎተራ የሚሰጠው ምክር ለባሎቻቸው ብቻ ከተነገረ የተዘራው በጭንጫ ላይ ነው። ጥሩ አስተማሪ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት «እናቶች የሚያርፉት መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጠሮ ከያዘ በኋላም ሰዓቱን ያከብራል። የገበሬን ጊዜ የሚያባክን ሰው ገበሬውን አያከብርምና።

አንዱ ሌላውን ማስተማር

በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አንድ የኔታ ገና «ሀ ሁ» ከሚለው ሕፃን ጀምሮ ዳዊት እስከሚደግመው ድረስ በየደረጃው ያሉ ብዙ ተማሪዎችን ይዞ ያስተምር ነበር። ይህ የተቻለው ገፋ ያለው ተማሪ ታናሹን እያስቆጠረ፣ የኔታም እያንዳንዱን በተራ እያስጠጋ ስለሚያዳምጠው ነው። ታናሹን የሚያስቆጥረው ተማሪም በማስተማሩ የራሱን ትምህርት ያጸናበታል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም በሒሳብም ሊታይ ይችላል። በአንድ ቀበሌ 900 አባወራና እማወራ ቢኖር፣ 3 የልማት ሠራተኞችም ቢመደቡ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 300 ቤተሰብ ይደርሰዋል። ሠራተኛው በቀን 3 ቤተሰብ፣ በሳምንት 5 ቀን ቢጎበኝ በሳምንት 15 ቤተሰብ ያዳርሳል። 300ውን ለማዳረስ 20 ሳምንት ያስፈልገዋል ማለት ነው። የመጨረሻው ቤት ሲደርስ የዘር ወቅት አልፎ፣ አረሙም ታርሞ፣ ሰብሉ ለአጨዳ ተቃርቧል። ሁሉንም እኔው ላስተምር የሚል አስተማሪ ብዙዎቹን ሳያስተምር ይቀራል። ይኸው ሠራተኛ ግን በቅድሚያ 15 ሰዎችን በሚገባ ቢያሠለጥን፣ እያንዳንዳቸውም ለ19 ጎረቤቶቻቸው ቢያሳዩ 300ው ይሞላል። ሠራተኛው በተረፈው ጊዜ የተሰናከሉትን ለመርዳት ይችላል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ የሚመረጡት በመንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ጥሩ በሬና ሰፊ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ብቻ ከሆኑ ሌላው «ይህ ነገር ለሀብታም ነው» ብሎ ይርቃል። በሬ የሌለው፣ መሬቱ ተዳፋት የሆነ፣ ወይም ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት በሙከራው ውስጥ ከገቡና ከተሳካላቸው ግን ትምህርቱ ያለ ቅስቀሳ ይዛመታል።

የማያውቁትን አለመደበቅ፣ የወደቀውን አለመሸሽ

አስተማሪ የሚታመነው ሁሉን ስላወቀ ሳይሆን እውነተኛ ስለሆነ ነው። ያልታወቀ በሽታ በባቄላው ላይ ሲወጣ «አላውቀውም፤ ናሙናውን ወስጄ ጠይቄ በሚመጣው ማክሰኞ እመለሳለሁ» የሚል፣ በማክሰኞውም የሚመለስ ሠራተኛ ገምቶ ከሚመልሰው ይልቅ ይከበራል። መልስ ባያገኝ እንኳ መመለሱ ራሱ ትምህርት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን ምክሩ ሳይሠራ ሲቀር የሚታየው ጠባይ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ አንድ ላይ በግማሽ ሄክታር ማሳ ላይ በሠርቶ ማሳያ መልክ ለገበሬዎች መታየት ጀመረ። ቆይቶም በብድር አማካይነት በመላ ሀገሪቱ ተስፋፋ። በተለይ የበቆሎ ምርት በእጅጉ ጨመረ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ግን ብዙ በቆሎ በአንድ ጊዜ ገበያ ላይ በመውጣቱ ዋጋው ከማምረቻ ወጪው በታች ወረደ። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል ተቸገረ። በሚቀጥለው ክረምት ብዙዎች ማዳበሪያ ከመግዛት ታቀቡ፤ በዚያው ላይ ድርቅ ተጨመረ።

ዘሩም ሆነ ማዳበሪያው በማሳው ላይ የተባለውን ሠርቷል። የጎደለው ትምህርቱ በአውድማ ላይ ማብቃቱ ነበር። ምርት ሲበዛ ዋጋ ምን እንደሚሆን፣ እህሉ እስከሚወደድ ድረስ በምን እንደሚቀመጥ፣ ዕዳው ዋጋው ባነሰበት ወር እንዳይወድቅ ምን መደረግ እንዳለበት አብሮ መታሰብ ነበረበት። ስለሆነም ጥሩ አስተማሪ ከዘር እስከ ገበያ ያለውን ጉዞ ከገበሬው ጋር ይጓዛል። ነገሩ ሲበላሽም ከፊቱ አይሰወርም። ምርቱ ባማረበት ማሳ ላይ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሞልቷል፤ ሰብሉ በወደቀበት ማሳ ላይ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ምክንያቱን የሚፈልግ ግን አስተማሪ ነው።

የመሪዎች ድርሻ

ጥሩ አስተማሪ ብቻውን አይጸናም። በገበሬ ማኅበር፣ በቀበሌና በኅብረት ሥራ ማኅበር አመራር ላይ ያሉ ሰዎች ሊያጸኑትም ሊያደክሙትም ይችላሉ። ከእነርሱ የሚጠበቁት ዋና ዋና ተግባራት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ትምህርቱን በሪፖርት ሳይሆን በማሳ መመዘን ያስፈልጋል። «ይህን ያህል ሰው ሠልጥኗል» የሚለው ቁጥር ስንት ሰው እንደተቀመጠ እንጂ ስንት ሰው እንደተማረ አይናገርም። ሥልጠና ከተሰጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ መሪዎች ወደ ሦስት ተሳታፊዎች ዘንድ ይሂዱ፤ አንዱ በመንገድ ዳር፣ አንዱ ከሩቅ ጎጥ፣ አንዷ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት ብትሆን ይመረጣል። የተማሩትን እንዲናገሩ ሳይሆን እንዲያሳዩ ይጠየቁ። ሦስቱም ያለ ረዳት ከሠሩት አስተማሪው አስተምሯል። ሦስቱም ካቃታቸው ጥፋቱን በተማሪዎቹ ላይ ከማላከክ በፊት የማስተማሪያ ዘዴውን መመርመር ይገባል።

ሁለተኛ፣ የአስተማሪውን ጊዜና ክብር መጠበቅ ነው። በልዩ ልዩ ጊዜያት የልማት ሠራተኞች የማዳበሪያ ዕዳ እንዲያስከፍሉ፣ መዋጮ እንዲሰበስቡና ሌላም የአስተዳደር ሥራ እንዲሠሩ ሲደረግ ቆይቷል። ጠዋት የዕዳ መዝገብ ይዞ የመጣን ሰው ገበሬው ከሰዓት በኋላ እንደ አስተማሪ ሊቀበለው ይቸግረዋል። ከሩቅ ሲያየው «ለምን መጣ?» ይላል እንጂ «ምን አመጣልን?» አይልም። የማስከፈልን ሥራ ለሚመለከተው ሰው ሰጥቶ አስተማሪውን ለማስተማር መተው ዋጋው ከፍ ያለ ድጋፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ቤትና ቤተኛነት ነው። ማደሪያ አጥቶ በየቀኑ ከወረዳው ከተማ የሚመላለስ ሠራተኛ ማለዳ የሚታየውን ተባይና ማታ የሚካሄደውን ውይይት አያገኛቸውም። ነዋሪው ተባብሮ አነስተኛ ቤት ቢያበጅለት ትርፉ ለራሱ ነው።

አራተኛ፣ መዝገብ መያዝ ነው። ሠራተኛ ይዛወራል፤ አንዳንዱም ሥራውን ይለቃል። አዲሱ ሲመጣ የቀድሞው የሞከረውን እንደ አዲስ ሲሞክር፣ የወደቀውንም እንደገና ሲያስተምር ይታያል። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት አንድ የማሳ መዝገብ ቢኖርና ምን ዘር በየትኛው አፈር ላይ መቼ እንደተዘራ፣ ዝናቡ መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ፣ ስንት ኩንታል እንደተገኘ፣ ያልተሳካውም ለምን እንዳልተሳካ ቢጻፍበት የሄደው አስተማሪ ትምህርት ለሚመጣው ይተላለፋል። መዝገቡን ለመጻፍ በቀበሌው ውስጥ ትምህርት የቀመሰ አንድ ወጣት ወይም አንዲት ወጣት ይበቃሉ።

አምስተኛ፣ በመካከላቸው ያሉትን አስተማሪዎች ማወቅ ነው። በየጎጡ ስለ ዘር፣ ስለ ንብ፣ ስለ እርከን፣ ስለ ጎተራ ከሌላው የላቀ ዕውቀት ያላቸው ገበሬዎች አሉ። ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ በዓመት ሁለት ጊዜ ጎረቤቶቻቸው በማሳቸው ላይ እንዲጎበኟቸው ቢደረግ፣ ቀበሌው ያለ ተጨማሪ በጀት አያሌ አስተማሪዎች ያገኛል።

ለእነዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚሆነው ጊዜ የዘር ወቅት ከመድረሱ በፊት ያለው ነው። በዚያን ጊዜ የገበሬ ማኅበር መሪዎች የልማት ሠራተኞቻቸውን ጠርተው «ዘንድሮ ምን ታስተምራላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ባለፈው ዓመት ካስተማራችሁት ውስጥ ገበሬው ዛሬ ያለ እናንተ የሚሠራው የትኛውን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ይጠቀማሉ። ይህን ጥያቄ በማሳ ስምና በባለ ማሳ ስም እየጠራ የሚመልስ አስተማሪ ያለው ቀበሌ የታደለ ነው፤ ሊመልስ ያልቻለውም ቢሆን ከዚያው ቀን ጀምሮ መልሱን ፍለጋ ከመሪዎቹ ጋር ወደ ማሳ ሊወርድ ይገባል።